እሾህና ቀይ አፈር፦ የእግር ሕመም ታሪክ ከደጋ እስከ ካርቱም

ከአካል ክፍሎች ሁሉ ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ የሚቀርበው እግር ነው። ጥፍር ወደ ሥጋ ሲገባ በቤት ምላጭ ይቆረጣል፤ እሾህ ሲወጋ በመርፌ ይወጣል፤ ካላመረቀዘ ነገሩ ይረሳል። እርሻና እረኝነት በባዶ እግር ሲከናወኑ በኖሩባቸው አገሮች ይህ መርሳት ብዙ ሰው አካለ ጎደሎ አድርጓል።

በካርቱም ያለው ዴም መነሻው የሠራተኞች ሰፈር ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1940ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሮጌዎቹን ዴሞች ነዋሪዎች ወደ አዲሱ ቦታ ማዛወር ጀመረ። በኋላም ሰፈሩ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ለመጡ ስደተኞች መኖሪያ ሆነ። በመተማና በገዳሪፍ በኩል የመጣ ሰው የደጋውን ቀይ አፈርም፣ የሱዳንን እሾሃማ ጥቁር አፈርም ረግጧል። ሁለቱም አፈሮች የየራሳቸው ሕመም አላቸው።

የደጋው ሕመም ዝሆኔ ነው። እግር የሚያብጥበትን ምክንያት ሰው ለእርግማን ወይም ለዘር ሲሰጥ ኖሯል፤ በዚህም ሳቢያ ትዳር የፈረሰበት፣ ከለቅሶና ከማኅበር የተገለለ ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄደው የ1970ዎቹ ምርምር ጥፋቱን ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ አገኘው። የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ይደፍናሉ። የዘር ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ለሕመሙ ተጋላጭነት በቤተሰብ ይወረሳል፤ ጫማ ያደረገ ሰው ግን ይድናል። መድኃኒቱም የሚያስገርም ቀላል ነው፦ ዕለት ዕለት በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ።

የሱዳኑ ሕመም ማይሴቶማ ይባላል፤ ታሪኩም ረዘም ያለ ነው። በ1842 ጊል የተባለ ሐኪም በሕንድ ማዱራ አውራጃ ስላየው «የማዱራ እግር» ተባለ። በ1860 ካርተር ምክንያቱ ፈንገስ መሆኑን አስረድቶ የዛሬውን ስም ሰጠው፤ ይህ ሰው የታወቀውን የግሬይን የአካል ጥናት መጽሐፍ ሥዕሎች የሣለው ካርተር ነው። በካርቱም የዌልካም ላቦራቶሪ የነበሩት ቻልመርስና አርቺባልድ ደግሞ በ1910ዎቹ በፈንገስና በባክቴሪያ የሚመጡትን ዓይነቶች ለዩ። ሕክምናቸው ፍጹም የተለያየ ስለሆነ ይህ ልየታ ትልቅ ነገር ነበር። በ1956 አቦት ባሳተመው ጥናት በሱዳን ሆስፒታሎች በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የተኙ 1,231 ሕሙማንን ቆጥሯል።

የሕመሙ ተንኮል አለማሳመሙ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ በእሾህ ወይም በጭረት ይገባል፤ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ትንሽ እብጠት ይታያል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይበሳና ጥቁር ፍሬዎች የያዘ መግል ያወጣል። እስከዚያ ገበሬው ማረሱን፣ እረኛው መንዳቱን አያቆምም። እሾህን በመርፌ ማውጣት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ፍሬው አጥንት ውስጥ ገብቷልና። ለረጅም ዘመን የነበረው መፍትሔ መጋዝ ነበር፤ የተቆረጠውም ጉዳይ አንዳንዴ ከጉቶው በላይ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሸበጥ ከባዶ እግር ይሻላል እንጂ የግራር እሾህን አያግድም፤ የሚያድነው ድፍን ጫማ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእርሻ የሚገዛው ጥቂት ነው።

በ1991 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በሶባ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሐል መሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ማይሴቶማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ሲያስገባው ከጥያቄው ጀርባ የሱዳን ሐኪሞች ነበሩ። በ2017 ማዕከሉ ፎስራቩኮናዞል የተባለውን ሳምንት አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት በ104 ሕሙማን ላይ ለመሞከር ተነሣ። ውጤቱ በ2024 ሲታተም መድኃኒቱ ከቀድሞው የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም፤ ሆኖም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከመዋጥ ሳምንት አንዴ መዋጥ ሩቅ ገጠር ላለ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጤቱ ሲታተም ማዕከሉ ራሱ በጦርነት ውስጥ ነበር። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር ብዙ የዴም ነዋሪዎች ተበታተኑ፤ ከሕሙማኑም መድኃኒታቸውን አቋርጠው የተሰደዱ ነበሩ። በ2025 ፕሮፌሰር ፋሐል ሕንጻው እንደወደመ፣ ከ40 ዓመት በላይ የተጠራቀመው የናሙናና የመረጃ ክምችትም እንደጠፋ ተናገሩ።