የስምና የአድራሻ ዜና መዋዕል

አዳም በገነት ሳለ ለእንስሳትና ለአዕዋፍ ሁሉ ስም እንዳወጣ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል፤ ፍጥረቱ ሁሉ በፊቱ ቆሞ ነበርና ስም ያወጣለትን ለማግኘት መዝገብ መግለጥ አላስፈለገውም። ኮምፒውተሮች በመረብ ከተያያዙ ወዲህ ግን ጠሪውና ተጠሪው ባሕር ተሻግረው ስለሚኖሩ ስም ብቻውን መንገድ አያሳይም፤ ማሽን ማሽንን የሚያገኘው አይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው፤ ሰው ደግሞ ቁጥር ይረሳል፣ ስም ያስታውሳል። ስለዚህ ስሙን ተቀብሎ አድራሻውን የሚመልስ ጠባቂ በመካከላቸው ሊቆም ግድ ሆነ። ይህ ዜና መዋዕል የዚያን ጠባቂ ታሪክ ይተርካል፤ ከሁሉም በላይ በካሊፎርኒያ የተተከለውን የስሞች ዛፍ ክብር ለትውልድ ለማስተላለፍ ተጽፏል። ዘመኑ የተቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1969 ኦክቶበር 29 ቀን አርፓኔት የተባለው መረብ የመጀመሪያ መልእክቱን በሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ላከ። በዚያው ዓመት ፍጻሜ በመረቡ የተያያዙት ቤቶች አራት ብቻ ስለ ነበሩ እያንዳንዱ ቤት የጎረቤቶቹን ስም በመሰለው መንገድ ይጽፍ ነበር፤ ቤቶቹ በበዙ ጊዜ ግን አንዱ ማሽን በየቤቱ ልዩ ልዩ ስም ተሰጠው። ፔጊ ካርፕ በ1971 ሴፕቴምበር የስሞቹ አጠራር በሁሉም ዘንድ አንድ እንዲሆን የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ፤ በ1973 ዲሴምበርም ፒተር ዶይች መዝገቡ በአንድ ስፍራ ተጠብቆ ሁሉም ከዚያ እንዲቀዳ ሐሳብ አቀረቡ። በተከታዩ ዓመት ሥራው በሜንሎ ፓርክ ከተማ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ለነበረው የመረብ መረጃ ማዕከል ተሰጠ።

የዚያ ማዕከል መሪ ኤልሳቤጥ ፋይንለር ነበሩ፤ ባልደረቦቻቸው ጄክ እያሉ ይጠሯቸዋል። በ1972 በዚያው ተቋም ወደ ነበረው የዳግላስ ኤንግልባርት የምርምር ክፍል ገብተው እስከ 1989 ድረስ የመረቡን መዝገብ ሲጠብቁ ኖሩ። ሆስትስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለው ፋይል በእያንዳንዱ መስመር የአንድ ማሽን ስምና አድራሻ ይዞ ነበር፤ አዲስ ማሽን ያቆመ ሰው በሥራ ሰዓት ወደ ማዕከሉ ይደውላል ወይም ይጽፋል፣ የማዕከሉ ሠራተኞች ስሙን ይመዘግባሉ፣ በመረቡ ያለው ሁሉ ፋይሉን ወደ ራሱ ማሽን ይቀዳል። በዚያ ዘመን ስም ፈልጎ አድራሻ ማግኘት ማለት ይህን ፋይል ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነበር። የፋይንለርን ትጋት የሚነቅፍ ማንም የለም፤ ታማኝ መዝገብ ጠባቂ ለአገር በረከት ነው።

ነገር ግን በ1983 ጃንዩወሪ 1 ቀን መረቡ በሙሉ ቲሲፒ አይፒ ወደሚባለው አዲስ የመነጋገሪያ ሥርዓት ተሻገረ፤ በአንድ ትልቅ ማሽን ፋንታ ብዙ ትናንሽ ኮምፒውተሮች የሚያቆሙ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎችም እየበዙ ሄዱ። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ሦስት መከራ መጣ። ፋይሉ በማደጉና ቀጂው በመብዛቱ የማዕከሉ ማሽንና መስመር ከበዳቸው፤ ስም ሁሉ በአንድ ዝርዝር ስለሚጻፍ ሁለት ቤቶች አንዱን ስም ሽተው ይጋጩ ጀመር፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንድ ለውጥ ወደ መጨረሻው ማሽን ሳይደርስ ሌላው ስለሚከተል በመረቡ ዳር ያለው ፋይል ዘወትር ያረጀ ነበር። ስሙን የሚያውቀው ባለቤቱ ሆኖ ሳለ የሚጽፈው ሩቅ ያለ ጸሐፊ በመሆኑ፣ ጥፋቱ ከሰዎቹ ስንፍና ሳይሆን ከሥርዓቱ የመጣ ነበር።

በዚያም ወራት በማሪና ዴል ሬይ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ውስጥ ጆን ፖስቴል ይኖሩ ነበር፤ የመረቡን ቁጥሮች የሚያድሉና የደንቦቹን ጽሑፎች የሚያርሙ፣ ጺማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ቃላቸው በሁሉ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበሩ። ስለ ስሞች ጉዳይ አምስት የተለያዩ ሐሳቦች ስለ ቀረቡላቸው የተቋሙን ባልደረባ ፖል ሞካፔትሪስን ጠርተው አስታርቀህ አንድ አድርጋቸው አሏቸው። ሞካፔትሪስ ግን አምስቱንም ካዩ በኋላ ወደ ጎን ትተው ሌላ ስድስተኛ ሥርዓት ከራሳቸው አፈለቁ፤ ፖስቴልም አልተቆጡም፣ ፈቀዱ እንጂ። የታላቅ ሰው ምልክቱ ከትእዛዙ የሚሻል ሥራ ሲመጣለት መቀበሉ ነው።

የሥርዓቱም አሠራር እንዲህ ነው። ስሞች ሁሉ እንደ ዛፍ ከአንድ ሥር ይበቅላሉ፤ ከሥሩ ታላላቅ ቅርንጫፎች፣ ከእነዚያም ታናናሾች ይወጣሉ፤ በነጥብ የተከፋፈለው የማሽን ስም ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ያለውን መንገድ ያሳያል። ንጉሥ ለባላባት ርስት ከፍሎ ይሰጥ እንደ ነበረና ባላባቱም በርስቱ ውስጥ ለጭሰኞቹ ያከፋፍል እንደ ነበረ፣ የላይኛው ጠባቂ የታችኛውን ቅርንጫፍ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ እንዲህ የተሰጠው ርስት በሙያው ቋንቋ ዞን ይባላል። ባለ ዞኑ በራሱ ሰርቨር ላይ የወደደውን ስም ይጽፋል፣ ይፍቃል፤ ማንንም ደውሎ አይለምንም። ጠያቂው ማሽን ደግሞ ሪዞልቨር የሚባል መልእክተኛ አለው፤ እርሱም አስቀድሞ ወደ ሥሩ ሄዶ ይጠይቃል፣ ሥሩ መልሱን ባያውቅ እንኳ የሚያውቀውን ይጠቁመዋል፣ እንዲህ እየተመራ ወደ ባለቤቱ ይደርሳል። ያገኘውን መልስም ባለቤቱ በሰከንድ ቆጥሮ ለወሰነለት ጊዜ ያህል ያኖረዋል፤ ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ይጠይቃል፤ በዚህ ጥበብ ሸክሙ ቀለለ፣ ያረጀ መልስም ዕድሜው በባለቤቱ እጅ ሆነ።

በ1983 ጁን 23 ቀን፣ ይኸውም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ፖስቴልና ሞካፔትሪስ ሥርዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈትነው መልካም ሆኖ አገኙት። ሞካፔትሪስ የጻፉት የመጀመሪያው የስም ሰርቨር ጂቭስ ይባል ነበር። በኖቬምበር ወር 882ኛውና 883ኛው የመረቡ ደንብ ጽሑፎች ታተሙ፤ ሞካፔትሪስ በ1987 ኖቬምበር 1034ኛና 1035ኛ በሚል ቁጥር አሻሽለው ደገሟቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ዛሬም የሥርዓቱ መሠረት ናቸው። በ1984 ኦክቶበር ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ የታላላቆቹን ቅርንጫፎች ስም ደነገጉ፤ ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ለመንግሥት፣ ለጦር ሠራዊትና ለሌሎች ድርጅቶች አንዳንድ ቅርንጫፍ ተመደበ፣ ለየሀገሩም በሁለት ፊደል የሚጻፍ ስም ተፈቀደ። በ1985 ማርች 15 ቀን ሲምቦሊክስ የተባለ ኩባንያ በንግዱ ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ስም አስመዘገበ።

ከአድራሻ ተነሥቶ ስምን ለሚሻ ሰውም ዛፉ መንገድ አለው፤ የዚህን ጥበብ ውበት ብዙዎች ልብ አይሉትም። ስም ከጠባቡ ወደ ሰፊው ይጻፋል፣ አድራሻ ግን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይጻፋል፤ ስለዚህ 192.0.2.7 የሚለውን አድራሻ የያዘ ሰው ቁጥሮቹን ገልብጦ 7.2.0.192 አድርጎ ኢን-አድር ዶት አርፓ ከተባለው ቅርንጫፍ በታች ይጠይቃል፤ የአድራሻው ባለቤትም በዚያ የማሽኑን ስም ይመልስለታል። ሆኖም ስሙን የሚጽፈው የአድራሻው ባለቤት በመሆኑ የወደደውን ሊጽፍ ይችላል፤ ጠንቃቃ ፕሮግራም ጸሐፊ የተመለሰለትን ስም ዳግመኛ ወደ አድራሻ አስለውጦ ከመጀመሪያው ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጥ አያምነውም።

አሁን ታሪኩ በበርክሊ ወዳለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። በ1983 ኦገስት ከዚያ የወጣው ፎር ፖይንት ቱ ቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጌት-ሆስት-ባይ-ኔም የሚባል ፈንክሽን ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰጥቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ስም ይሰጠዋል፣ እርሱም በማሽኑ ላይ ያለውን ፋይል አንብቦ አድራሻ ይመልሳል። በ1984 ዳግላስ ቴሪ፣ ማርክ ፔይንተር፣ ዴቪድ ሪግልና ሶንግኒያን ዡ የተባሉ አራት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባይንድ የተባለውን የስም ሰርቨር ጻፉ፤ ከእነርሱም በኋላ ኬቨን ደንላፕና ሌሎች አሳደጉት። በ1986 በወጣው ቀጣዩ ቢኤስዲ ያው ፈንክሽን ስሙንና አጠራሩን ሳይለውጥ በፋይል ፋንታ ዛፉን መጠየቅ ቻለ። ቀድሞ የተጻፉ ፕሮግራሞች አንድ መስመር ሳይለወጥባቸው እንደገና ኮምፓይል ተደርገው ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ተያይዘው መላውን መረብ መጠየቅ ያዙ፤ ያለ ጩኸትና ያለ ጦርነት እንዲህ ያለ ድል የተገኘበት ጊዜ በመረብ ታሪክ ጥቂት ነው። አንድ አድራሻ ብቻ ይመልስ የነበረውም ብዙ አድራሻ በዝርዝር መመለስ ጀመረ። ፋይል የሚያውቀው አለ ወይም የለም ማለትን ብቻ ነበር፤ ዛፉ ግን ስሙ ከቶ የለም፣ ስሙ አለ አድራሻ ግን የለውም፣ ጠባቂው አሁን አልመለሰም ቆይተህ ጠይቅ ብሎ ለይቶ ይናገራል። እስከ ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥረው ተጠቃሚውን ያሳስታሉ፤ ይህ የጸሐፊዎቻቸው ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዛፉ አደገ፣ ሰፋ። በ1990 አርፓኔት ራሱ ተዘጋ፤ ዛፉ ግን ከበቀለበት መረብ ጋር አልሞተም። በ1995 ኢትዮጵያ ኢቲ የሚለውን ቅርንጫፍ ተረከበች።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር አሮጌው 32 ቢት አድራሻ ለዓለም እንደማይበቃ ስለ ታወቀ አይፒ ቪ6 የተባለው የ128 ቢት አድራሻ ተደነገገ። ጌት-ሆስት-ባይ-ኔም በአሮጌው አድራሻ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበርና ለአዲሱ ጠበበው፤ ደግሞም መልሱን ሁልጊዜ በአንድ የሚሞሪ ስፍራ ስለሚያኖር ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ያጠፋዋል፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ትሬዶችም አንዱ የሌላውን ይረግጣሉ። በ1997 ኤፕሪል በታተመው 2133ኛ ጽሑፍ ጊሊጋን፣ ቶምሰን፣ ባውንድና ስቲቨንስ ጌት-አድር-ኢንፎ የተባለውን ተተኪ አስተዋወቁ። ስቲቨንስ በዛምቢያ ምድር የተወለዱ፣ በመረብ ፕሮግራም አጻጻፍ ብዙ ትውልድ ያስተማሩ ደራሲ ነበሩ፤ በ1999 ሴፕቴምበር አረፉ። አዲሱ ፈንክሽን ሁለቱንም ዓይነት አድራሻ በአንድ ዝርዝር ያመጣል፣ ዝርዝሩንም ለጠያቂው በተለየ ሚሞሪ ይሰጠዋል፤ ጠያቂው ሲጨርስ ፍሪ-አድር-ኢንፎ በሚባለው ይመልሳል። የዝርዝሩም ቅደም ተከተል ትርጉም አለው፤ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ይሞክር፣ እምቢ ካለው ወደ ሁለተኛው ይሂድ። በ2017 ዲሴምበር የወጣው ደንብ አንዱ እስኪወድቅ ሳይጠበቅ ከ250 ሚሊሰከንድ በኋላ ቀጣዩ እንዲሞከር ይመክራል። ፖዚክስ የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ደንብም በ2008 እትሙ አሮጌውን ፈንክሽን ከመዝገቡ ሰረዘው።

ጆን ፖስቴል በ1998 ኦክቶበር 16 ቀን አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከሥሩ ሰርቨሮች ጠባቂዎች የሚበዙት በእርሳቸው ጥያቄ የሥሩን መዝገብ ለጥቂት ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ይቀዱ ነበር፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በ2008 ጁላይ 8 ቀን ሐሰተኛ መልስ ወደ ሪዞልቨር እንዳይሾልክ የስም ሰርቨር የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች በአንድ ቀን ማስተካከያ አወጡ፤ ጥያቄ የሚወጣበት የበር ቁጥርም ከዚያ ወዲህ የማይገመት ሆነ። በ2010 ጁላይ 15 ቀን ደግሞ ሥሩ በምስጢር ቁልፍ ተፈረመ፤ ፊርማውን የሚመረምር ሪዞልቨር መልሱ ከእውነተኛው ባለቤት መምጣቱን በማስረጃ ያውቃል፤ ይህም ከዛፉ መተከል ቀጥሎ የሚቆጠር ታላቅ ሥራ ነው። በ2015 ጃንዩወሪ ጂሊብሲ በተባለው የሊኑክስ ላይብረሪ ያለው ጌት-ሆስት-ባይ-ኔም ለብዙ ዓመታት አደገኛ ስንጥቅ ይዞ እንደ ኖረ ተገለጠ፤ አሮጌውን አትጠቀሙ ብለው የመከሩት እውነት እንደ ተናገሩ ያን ጊዜ ታወቀ። ጌት-አድር-ኢንፎም በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ጥገና ተደረገለት።

ዛፉ ለብዙ ዘመን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ የለመደ ነበር። በ2003 ሌላው ፊደል ሁሉ ኤክስና ኤን በሚሉ ሁለት ፊደላትና በሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር የላቲን ጽሑፍ ተለውጦ እንዲጠየቅ ተደነገገ፤ በ2017 ደግሞ በሥሩ አጠገብ ስም ሊሆኑ ከሚችሉት ፊደላት ደንብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ገባ። በግዕዝ ስም የሚቀበል ፕሮግራም የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ስሙን በዚህ መንገድ ለውጦ ለጌት-አድር-ኢንፎ ይስጥ፤ ፊደሉ ለሥሩ እንግዳ አይደለም።

የፋይንለር መዝገብም ከምድር አልጠፋም። በብዙ ማሽኖች ላይ ጌት-አድር-ኢንፎ በተጠራ ጊዜ ሪዞልቨሩ ወደ ዛፉ ከመሄዱ አስቀድሞ ሆስትስ የተባለውን ትንሽ ፋይል ይከፍታል፤ በዚያም ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ 127.0.0.1 ሎካልሆስት ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።