ፒኖኪዮ በየዘመኑ ፊልም፦ ከረኃብ ተረት ወደ ውድ ምርት

ፒኖኪዮ የተወለደው በጋዜጣ ላይ ነው። የፍሎረንሱ ጋዜጠኛ ካርሎ ሎሬንዚኒ፣ ከእናቱ መንደር በወሰደው «ኮሎዲ» በተሰኘ የብዕር ስም፣ የእንጨቱን ልጅ ታሪክ በ1881 ሮም ውስጥ በሚታተም የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጋዜጣውን ያቋቋመው ፌርዲናንዶ ማርቲኒ፣ ኋላ ከ1897 እስከ 1907 ኤርትራን በገዥነት ያስተዳደረው ማርቲኒ ነው። ኮሎዲ በ1848 እና በ1859 ለጣሊያን ነጻነት የዘመተ፣ የፈረንሳዊውን ደራሲ የፔሮን ተረቶችም ከፈረንሳይኛ የመለሰ ሰው ነበር።

ታሪኩን ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቀው ሲዋሽ በሚረዝመው አፍንጫ ነው። መጽሐፉን ገልጦ ላነበበ ግን ከአፍንጫው ይልቅ ረኃቡ ጎልቶ ይታያል። ልጁን ከእንጨት በጠረበው በጄፔቶ ቤት የሚነደው እሳትና የሚንተከተከው ድስት ግድግዳ ላይ የተሳሉ ሥዕሎች ናቸው። ጄፔቶ ለቁርሱ የያዛቸውን ሦስት ፒሮች ለልጁ ይሰጠዋል፤ ፒኖኪዮ መጀመሪያ ልጣጩን አልነካም ይላል፣ በመጨረሻ ግን ልጣጩንም መሐሉንም ጠራርጎ ይበላል። አባትየው የፊደል መጽሐፍ ሊገዛለት በብርድ ኮቱን ይሸጣል፣ ልጁም ያንኑ መጽሐፍ ሸጦ የአሻንጉሊት ትርዒት ይገባበታል። የሚመክረውን ተናጋሪ ፌንጣ በመዶሻ መትቶ የሚገድለውም ገና በአራተኛው ምዕራፍ ነው። አዲስ የተዋሐደችውን የጣሊያን ድሃ በቅርብ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ተረት ስለሆነ፣ ጭካኔው ለማስደንገጥ የተጨመረ ቅመም አይደለም።

በጥቅምት 1881 ኮሎዲ ታሪኩን ቀበሮና ድመት ፒኖኪዮን ዛፍ ላይ ሰቅለውት በሚሞትበት ቦታ ዘጋው። አንባቢ ልጆች አልተቀበሉትም፤ ይቀጥል የሚል ጥያቄ በረታ፣ በየካቲት 1882ም ታሪኩ ተመለሰ። አሻንጉሊቱ ሥጋ ለባሽ ልጅ የሆነበት ፍጻሜ የወጣው በጥር 1883 ነበር፣ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ታተመ። ስለዚህ ታሪኩን በሕዝብ ፍላጎት የለወጠው የመጀመሪያው ሰው ራሱ ደራሲው ነው። በኋላ የመጡትን ፊልሞች «ዋናውን አልጠበቁም» ብሎ ብቻ መክሰስ የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ ለውጡ የተደረገው ለምንና ለማን ነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ፊልም ጁሊዮ አንታሞሮ በ1911 ሠራ። ድምፅ አልባው ፊልም ፒኖኪዮን መጽሐፉ ወደማያውቀው የአሜሪካ ምድር ወስዶ ከቀይ ሕንዶች ጋር ያገናኘዋል፤ ይህም የዘመኑን ተመልካች ለመሳብ የተደረገ ነበር። ከዚያ የመጣው የፋሺዝም ዘመን በእንጨቱ ልጅ ላይ የሠራው ግን እጅግ የከፋ ነበር። ገና በ1923 ፒኖኪዮን ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ ለቅጣት ዘመቻ የሚያሰልፍ መጽሐፍ ታተመ። በ1939፣ ኢትዮጵያ በወረራ ሥር ሆና ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ፣ ፒኖኪዮን የንጉሡ አሠልጣኝ አድርጎ የሚያቀርብ መጽሐፍ ለጣሊያን ልጆች ወጣ። በድህነቱ የሚታወቀው ፍጥረት የሌላውን ሕዝብ ንጉሥ መቀለጃ ለማድረግ ተጠራ። ታሪኩ ከደረሰበት በደል ሁሉ ይህ ከባዱ ነው፣ ለኢትዮጵያ አንባቢም የሩቅ ነገር አይደለም።

ዋልት ዲዝኒ ፒኖኪዮን የሠራው በ1937 ከወጣውና ታላቅ ገንዘብ ካስገባለት «በረዶ ነጭ» ፊልሙ በኋላ ነው። ሠዓሊዎቹ ኮሎዲን ተከትለው ሞገደኛ፣ ደረቅ የእንጨት ልጅ ሳሉ፤ ዲዝኒ ተመልካች አይወደውም ብሎ በ1938 ሥራውን አስቆመ። ፒኖኪዮ ክብ ፊት ያለው የዋህ ልጅ ሆኖ እንደገና ተሳለ። መጽሐፉ በመዶሻ የገደለው ፌንጣም ባርኔጣና ጃንጥላ ይዞ የልጁ ኅሊና ሆነ። ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው ፊልም በየካቲት 1940 ሲታይ የአውሮፓ ገበያ በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ወጪውን ወዲያው አልመለሰም። የኮሎዲ የወንድም ልጅ ፓኦሎ ሎሬንዚኒ ገጸ ባሕርዩን አሜሪካዊ አስመስሎታል በማለት የጣሊያን መንግሥት ዲዝኒን እንዲከስ ጠየቀ። ቅሬታው ትክክል ነበር፤ ያም ሆኖ ፊልሙ በሥዕሉና በሙዚቃው ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም። ረኃቡን ግን አውጥቶታል። ይህ ጄፔቶ ቤቱ በሰዓትና በመጫወቻ የተሞላ፣ ድመትና ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ነው።

ረኃቡን የመለሰው ሉዊጂ ኮሜንቺኒ ነው። በ1972 ለጣሊያን ቴሌቪዥን በሠራው ተከታታይ ፊልም ድህነቱ ይታያል፣ ብርዱ ይሰማል፤ ኒኖ ማንፍሬዲም ጄፔቶን የተጫወተው የሚበላ እንደሌለው ሰው ነው። ብዙ ጣሊያናውያን እስከ ዛሬ የሚወዱት ይህንን ነው።

ሮቤርቶ ቤኒኚ በ2002 ከዚህ በተቃራኒ ሄደ። ወደ 40 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ በጊዜው በጣሊያን ታሪክ ውዱን ፊልም ሠራ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የልጁን ሚና የወሰደውም ራሱ ነበር። ፊልሙ ለምዕራባውያን ገና ሰሞን በእንግሊዝኛ ድምፅ ተቀይሮ አሜሪካ ሲደርስ ተቺዎች አንድ ላይ ተነሡበት። ያው ቤኒኚ በማቴዎ ጋሮኔ የ2019 ፊልም፣ በጣም ባነሰ ገንዘብ፣ የተራበውን ጄፔቶ ሆኖ ሲመጣ ግን ልብ የሚነካ ትወና አሳየ።

2022 ሁለት ፒኖኪዮ አመጣ። ዲዝኒ ቶም ሃንክስን ጄፔቶ አድርጎ፣ በሮበርት ዜሜኪስ አዘጋጅነት የሠራው ሲኒማ ቤት ሳይገባ በመስከረም በቀጥታ በኢንተርኔት ቀረበ። ይህ ፊልም የተሠራው ከኮሎዲ መጽሐፍ ሳይሆን ከ1940ው ፊልም ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን በኮምፒውተር ደግሞ ከማሳየት ያለፈ ምክንያት ስለሌለው ቀዝቃዛ ሆኗል። ጊየርሞ ዴል ቶሮ በበኩሉ ሐሳቡን ይፋ ካደረገበት ከ2008 ጀምሮ ገንዘብ የሚሰጠው ስቱዲዮ አጥቶ ዓመታት ካለፉት በኋላ ኔትፍሊክስ በ2018 ተቀበለው። አሻንጉሊቶችን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰ በቀረጸው ፊልም ታሪኩ በሙሶሊኒ ጣሊያን ውስጥ ይካሄዳል፣ ፒኖኪዮም በራሱ በሙሶሊኒ ፊት ያፌዛል። ልጁ እንደ መጽሐፉ ወደ ሥጋ አይለወጥም። ከመጽሐፉ እጅግ የራቀው ይህ ፊልም ስለ አባትና ልጅ፣ ስለ መታዘዝና ስለ ሞት የሚለው ነገር ስላለው፣ በ2023 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ማግኘቱ የተገባ ነው።

የፊልሞቹ መደጋገም ሕጋዊ ምክንያትም አለው። ኮሎዲ የሞተው በ1890 ስለሆነ ታሪኩን ማንም ያለ ፈቃድ ሊሠራው ይችላል። ባርኔጣና ጃንጥላ የያዘው ፌንጣና ክብ ፊቱ ልጅ ግን የዲዝኒ ንብረት ናቸው፤ በአሜሪካ ሕግ የ1940ው ፊልም ጥበቃ የሚያበቃው በ2035 ማብቂያ ላይ ነው።