የኒያላ ወንበር

የኒያላ ወንበር ትውልደ ኢትዮጵያዊው የቤት ዕቃ ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ የነደፉት፣ መቀመጫም ቅርጻ ቅርጽም የሆነ የእንጨት ወንበር ነው። ስሙንም መልኩንም ያገኘው ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር ከማይኖረው ከደጋ አጋዘን፣ በተለምዶ ኒያላ ከምንለው እንስሳ ነው።

ኒያላ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ ደጋዎች፣ በተለይም በባሌ ተራሮች ይገኛል። ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። በአካል ያላየው ሰው እንኳ በ10 ሳንቲም ላይ ያውቀዋል። ወንበሩ ከዚህ እንስሳ የወሰደው ጥቂት ነው፤ ያማረውም በዚሁ ነው። የእንስሳው ራስ አልተቀረጸበትም፣ ቆዳውንም አልለበሰም። የቀንዱ አወጣጥ ብቻ ወደ እንጨት ተዛውሮ የወንበሩን ቅርጽ ይወስናል፤ ለጌጥ ብቻ የተለጠፈ ነገር የለውም።

ጆሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንያ ውስጥ ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። አባታቸው ከየአገሩ የሰበሰቧቸው የጥበብ ሥራዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር። በአሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ሲያጠኑ የመመረቂያ ሥራቸውን በዘመናዊ የአፍሪካ የቤት ዕቃ ላይ አደረጉ። ኑሯቸው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ከዲዛይኑ ጎን ለጎን በዓለም ባንክ በዳታ ባለሙያነት ሠርተዋል።

ይህ ሁለተኛ ሙያ ለመጀመሪያው ጠቅሟል። ታዋቂ የቤት ዕቃ ኩባንያዎች ከሚሸጧቸው 4,417 ስብስቦች ውስጥ በጥቁር ዲዛይነሮች የተነደፉት 14 ብቻ እንደሆኑ ቆጥረው አሳይተዋል። ብዙዎች በልማድ ሲያነሡት የኖሩት ቅሬታ በዚህ ቁጥር ማስረጃ አገኘ።

ሌሎች ሥራዎቻቸውም ከባህል ዕቃ ይነሣሉ። የመውለጃ ወንበራቸው ከአፍሪካ ጥንታዊ የማዋለጃ በርጩማዎች፣ «መቋሚያ» የተባለው ወንበራቸው ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በማኅሌት ከሚደገፉበት ዘንግ የመጡ ናቸው። የሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 በኒው ዮርክ በከፈተው፣ የጥቁር ሕዝቦችን መጪ ዘመን በጥበብ በሚያስበው የአፍሮፊውቸሪዝም ክፍል ሥራቸው ቀርቧል፤ የቤት ዕቃዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» ፊልም ውስጥም ታይተዋል።

የአፍሪካ ዲዛይን ሲባል ጭምብልና የሜዳ አህያ ቆዳ ብቻ ለሚታየው ሰው፣ የኒያላ ወንበር በቂ መልስ ነው።