ዜማዋ የማን ነበረች?

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ልጅ ሳላችሁ እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩላችሁ የጠበቃችሁትን አንድ የጥያቄና መልስ ውድድር አስታውሱ። የአቅራቢው ፊት ይመጣላችኋል፤ የከረባቱ ቀለም ሁሉ ሊመጣላችሁ ይችላል። ጥያቄዎቹን ረስታችኋል። ማን እንዳሸነፈም ረስታችኋል። ተወዳዳሪው አንገቱን ደፍቶ ሲያስብ ከበስተጀርባ ትሰማ የነበረችውን ሙዚቃ ግን አልረሳችኋትም። አሁን አንጎራጉሩ ብትባሉ ትችላላችሁ። «የማን ናት?» ብትባሉ ግን ዝም ትላላችሁ። እኛም ዝም ብለናል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዝምታ ነው። ስለ ዘፋኞቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ግጥም ደራሲዎቻችን ጥቂት ተጽፏል። ግጥም የሌላት፣ ዘፋኝ የሌላት፣ ሠላሳ ሰከንድ ቆይታ የምትጠፋ ዜማ ግን ታሪክ ጸሐፊ የላትም። «ደግሞ ለውድድር ሙዚቃ ታሪክ!» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን።

ሳጥኑ ሳይመጣ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የጥያቄና መልስ ውድድርን ፈረንጅ ያመጣልን የሚመስለው ሰው ካለ አያቱን ይጠይቅ። «እንቆቅልሽ!»፣ «ምን አውቅልሽ?» የሚባለው ጨዋታ ሙሉ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ጠያቂ አለው፣ ተጠያቂ አለው፣ ከዳር ሆኖ የሚስቅ ተመልካች አለው። ሽልማትም አለው፤ ሽልማቱ ደግሞ ከየትኛውም ጣቢያ ሽልማት ይበልጣል። መልሱን ያላወቀ ሰው ሀገር ይሰጣል! ጠያቂው የተሰጠው ሀገር ካልጣመው አልቀበልም ብሎ ሌላ ያስመርጣል። ሲጥመው ደግሞ እዚያ ሀገር ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ በአንድ ትንፋሽ እየደረደረ ተሸናፊውን ካበሸቀ በኋላ መልሱን ይናገራል። ያቺ በአንድ ትንፋሽ የምትወርድ፣ ግማሽ ንግግር ግማሽ ዜማ የሆነች ድርደራ የእኛ የመጀመሪያዋ የውድድር ሙዚቃ ናት። ማን ደረሳት? እሷንም አናውቅም።

በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር በኩል ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች ሀገር ስጡ ሲባሉ ብዙ ምርጫ አላቸው። አንኮበር አለች፤ ደብረ ብርሃን አለች፤ ጨከን ያለው አዲስ አበባን ይሰጣል። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳ የምትገኘውን አሊዩ አምባን የሰጠ ልጅ ግን «እሷ ምን አላት?» ተብሎ ሊመለስበት ይችላል።

ከ180 ዓመት በፊት ቢሆን እንዲህ የሚል አይገኝም ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያው እሷ ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሬው፣ አፋሩ፣ አማራውና ኦሮሞው በገበያዋ ይገናኙ ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። በዚያ መስመር ቡናና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ባሪያም ይነገድ እንደነበር ሳንደብቅ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተዋዋለው የሻምበል ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በዚሁ በኩል ነው ወደ ደጋው የወጣው። በዓመቱ ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መጥቶ እዚያው አሊዩ አምባ ተቀመጠ። ያየውንም በሁለት ቅጽ መጽሐፍ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ አሳተመው።

ስለዚህ ስለዚያች ከተማ ገበያ፣ ስለ ጨው ምንዛሪና ስለ ነጋዴዎቿ ዛሬም ማንበብ ይቻላል። ማታ እሳት ዳር የተቀመጡ ልጆቿ እንቆቅልሹን በምን ዜማ ይሉት እንደነበር ግን ከመጽሐፍ ገጽ አይሰማም። ዋጋ የተተመነለት ነገር ይጻፋል። ጨዋታ ግን ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፋል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ይህ ልማድ የሚቀየር ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ድምፅም ምስልም የሚይዝ ነዋ!

ሳጥኑ ሲመጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 34ኛ ዓመት ሲከበር። ስቱዲዮው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ተመልካቹ የመዲናይቱ ሰው፣ እሱም ሳጥኑን መግዛት የቻለው ነበር።

ከዚያ ሳጥን የወጣውን ጨዋታ ከሁሉ በላይ የምናስታውሰው በአንድ ሰው ነው፤ በአባባ ተስፋዬ። ተስፋዬ ሳህሉ ከቴሌቪዥን በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች አዝናንተዋል። በልጆች ፕሮግራም ተረት ነገሩን፣ ምትሃት አሳዩን፣ ዘፈኑልን፣ መከሩን። ይህን እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ 42 ዓመት ያህል ሠርተውበታል። እኛ የሃያዎቹ ዕድሜ ሰዎች የመጨረሻዎቹ «ልጆች» ነን ማለት ነው፤ ከእኛ ታላላቆቹ አያት ሆነዋል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀገር ያለቀሰው ሦስት ትውልድ አብሮ ስላለቀሰ ነው።

አባባ ተስፋዬ ዜማቸውን በራሳቸው አፍ ስላወጡት ዜማዋ ባለቤት አላት። ፊታቸውን ያየ ሰው ዜማዋን ያውቃል፤ ዜማዋን የሰማ ሰው ፊታቸውን ያስታውሳል። ችግሩ ያለው ፊት ከሌላቸው ዜማዎች ላይ ነው። ለፕሮግራም መግቢያ፣ ለውድድር ሰዓት መቁጠሪያ፣ አሸናፊ ሲታወጅ ለምትሰማው እልልታ መሰል ጩኸት፣ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ኪቦርድ ፊት ተቀምጦ ጣቱን አንቀሳቅሷል። ስሙ የታለ?

የሌላውስ ሀገር?

ከእኛ ቴሌቪዥን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1964፣ አሜሪካ ውስጥ «ጄፐርዲ» የተባለ የጥያቄና መልስ ውድድር ጀመረ። ፈጣሪው መርቭ ግሪፊን ነው። ተወዳዳሪዎቹ የመጨረሻውን መልስ ሲጽፉ የምትሰማውን የ30 ሰከንድ ዜማም የሠራት እሱ ራሱ ነው፤ መጀመሪያ ለትንሹ ልጁ ማስተኛ ያዘጋጃት ነበረች። ግሪፊን በኋላ ሲናገር ያቺ የእሹሩሩ ዜማ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብታልኛለች ብሏል። ልጅ ማስተኛ ለእኛም እናቶች ብትከፍል ኖሮ ስንቱ ቤት ፎቅ በሆነ!

የእንግሊዞቹ «ካውንትዳውን» ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1982 ነው የጀመረው፤ ከእኛ ቴሌቪዥን ምሥረታ 18 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን መሆኑ ነው። የ30 ሰከንድ ሰዓቱን ሙዚቃ የደረሰው አለን ሃውክሾው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሞት ጋዜጦች ሁሉ ከዚያች ዜማ ጋር አያይዘው ነው ስሙን ያነሡት።

ለምን ይህን እንነግራችኋለን? ዜማዎቹ ከእኛዎቹ ስለሚበልጡ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንድ መዝገብ ላይ የደራሲው ስም ተጽፎ ነበር። ዜማዋ በተሰማች ቁጥር ክፍያው ስሙን ተከትሎ ይሄዳል።

ቀረጻውን በተመለከተ ግን ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም። የ«ጄፐርዲ» የመጀመሪያ ዙር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ የቀረበው ከ2,700 በላይ ክፍል ያለው ሥራ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ጠፍቷል። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበረ ጣቢያዎች አሮጌው ላይ አዲሱን ይቀርጹበት ነበር። «ማን መልሶ ያየዋል?» ብለው ነው። ናሳ እንኳ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ሲወርድ የተቀረጹት ዋና ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ አልቀሩም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳውቋል። ጨረቃን የደመሰሰ ዓለም ለእሁድ ከሰዓት ውድድር ይራራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ስለዚህ ቀረጻ ሊጠፋ ይችላል። ስም ከተረፈ ግን ፍለጋ ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ምስክራችን ሩቅ ሀገር አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ነው።

የደብረ ብርሃኑ ልጅ

ጋሽ ኃይሉ መርጊያ የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው፤ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን ተማሩ፤ ከዚያ ኪቦርድ። በዋሊያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሲጫወቱ ኖሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ዘፋኝ የማይፈልግ አልበም ነበር፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት።

ያለ ድምፃዊ የሚሠራ ሙዚቃ በሀገራችን ዕጣው የታወቀ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ አይሰማውም፤ ሌላ ነገር ሲሰማ አብሮ ይሰማዋል። በሬዲዮ በዜናና በማስታወቂያ መሃል፣ በቴሌቪዥን ከጽሑፍ ሥር፣ በሠርግ ቪዲዮ እንግዶች ሲበሉ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ርዕሱን አያውቀውም። የውድድር ሙዚቃ የዚህ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እንደ መጨረሻ ልጅ ተወዳጅ፣ እንደ መጨረሻ ልጅ ድርሻ የሌላት።

ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ ጋሽ ኃይሉን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻቸው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው የቆዩ ዜማዎችን የተጫወቱበት አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሹፌር ሆኑ። ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ታክሲው ውስጥ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሰሚያቸው መሪው ብቻ ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ሰማው፤ ወደደው፤ ልጣፉን አነበበ። ልጣፉ ላይ ስም ነበር። ስሙን ይዞ ፈለጋቸው፤ ደወለላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ጋሽ ኃይሉ በዓለም መድረክ መዞር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው «ተአምር» ብሎ ይነግረዋል። እኛ ግን ተአምሩን ልጣፉ ላይ ነው የምናየው። ካሴቱ ላይ ስም ባይኖር ኖሮ ሰውየው ለማን ይደውል ነበር? የቴሌቪዥን ዜማ ደግሞ ልጣፍ የለውም። በፕሮግራሙ መጨረሻ የሚሮጠው ጽሑፍ ልጣፉ መሆን ነበረበት፤ እሱን ግን ለማንበብ የፈረስ ዓይን ያስፈልጋል፤ ለዜማ ደራሲ ቦታ ያልተረፈበትም ብዙ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የብሮድካስት ድርጅት በስርጭቱ ላይ ያለው መብት ደግሞ 20 ዓመት ነው። ልብ በሉ! ጣቢያው በፕሮግራሙ ላይ ያለው መብት ካበቃ በኋላ እንኳ የዜማዋ ደራሲ መብት ይቀጥላል። ደራሲው በስሙ የመጠራት መብትም አለው።

መብቱ አለ፤ ባለመብቱ ግን አይታወቅም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. በየስቱዲዮው ኪቦርድ ሲነኩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ብዙዎቹ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «ያቺን እኮ እኔ ነኝ የሠራኋት» የሚል አዛውንት በየሰፈራችን ሊኖር ይችላል፤ የሚጠይቀው ጠፍቶ። ጋዜጠኝነት ተምረን «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» እየተባልን ተመርቀናል። ታዲያ መጀመሪያ የተማርነው ጥያቄ «ማን» አልነበረም?

ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ከቴሌቪዥን የተቀዳ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ሠርግ ብቻ ነው ያለበት ብላችሁ አትናቁት። ጣቢያ ያጠፋውን ቤተሰብ ያተረፈበት ጊዜ በሌላው ሀገር ብዙ ነው። የባንድ ሰው የሆነ አጎት ያላቸው አጎታቸውን ይጠይቁ፤ ስልክ አውጥተው ይቅረጹት። አዳዲሶቹ ጣቢያዎችም፣ ውድድሩ አሁንም ሞልቷልና፣ ለዜማ ሠሪው አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ሊነበብ በሚችል ፍጥነት።

በእንቆቅልሽ ሕግ ያላወቀ ሰው ሀገር ይሰጣል። አሊዩ አምባ ላይ የጨዉ ዋጋ ተጽፎ የልጆቹ ዜማ ሳይጻፍ ቀርቷል። እሱን መመለስ አንችልም። የእሁድ ከሰዓቷን ዜማ ባለቤት ግን ዛሬ ተነሥተን ብንጠይቅ ገና ልናገኘው እንችላለን። እንቆቅልሽ!