ስለ «ቮልፍ» ስም አመጣጥና ትርጉም

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የሚማር አንድ ወጣት የእናቱን ቋንቋ ቃል ከነምንጩ ሊያውቅ ቢፈልግ፥ ከሚመለከታቸው መጻሕፍት ዋነኛው በ1979 ዓ.ም. ቪስባደን በተባለችው የጀርመን ከተማ በሦስት ክፍል የታተመው የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገብ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጽሐፉ ላይ የሚያነበው የደራሲ ስም ቮልፍ ሌስላው ነው። ወጣቱ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ከሆነ «የሰውየው ስም ተኩላ ነውን?» ብሎ መገረሙ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ባጭሩ ልንገልጽ አስበናል።

በእኛ ዘንድ ተኩላ የተመሰገነ አውሬ አይደለም። የበግ ለምድ ለብሶ ለሚያታልል ሰው ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ልጁን አንበሴ ብሎ የሚጠራ አባት ሞልቶ ሳለ፥ ተኩላ ብሎ የሚጠራ ማግኘት ያስቸግራል። የጥንት ጀርመናውያን ነገዶች ግን ተኩላን የጦረኛ ምሳሌ አድርገው ያከብሩት ነበር። በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክም ኦዲን የተባለውን የጦርነት አምላክ ሁለት ተኩሎች ይከተሉት እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ አባት ለወንድ ልጁ ይህን ስም ሲያወጣ ደፋርና ብርቱ እንዲሆን መመኘቱ ነበር።

የስማቸው አሠራር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቃል ማጋጠም ነው። ቮልፍጋንግ ከ«ተኩላ» እና ከ«መንገድ»፥ ሩዶልፍ ከ«ዝና» እና ከ«ተኩላ»፥ አዶልፍ ከ«ክቡር» እና ከ«ተኩላ»፥ ሉዶልፍ ከ«ሕዝብ» እና ከ«ተኩላ» የተገኙ ናቸው። ቃሉ በስሙ መጨረሻ ሲገባ የፊተኛው ድምፅ ተውጦ «ኦልፍ» ይሆናል። ሀብተ ጊዮርጊስን የመሰለው የእኛ ስምም ከሁለት ቃል የተሠራ ነው፤ ነገር ግን በግዕዙ ስም ሁለቱ ቃላት ተያይዘው አንድ ሐሳብ ሲሰጡ፥ በጀርመንኛው እንደ ሁለት ምርቃት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዘንድ ደግሞ ስሙ ሌላ ሥር አገኘ። ያዕቆብ ልጆቹን ሲባርክ ብንያምን በተኩላ ስለ መሰለው፥ ቮልፍ ከብንያም ስም ጋራ ተጣምሮ የሚሰጥ ስም ሆነ።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ለጦር የታሰበ ስም በታሪክ ውስጥ በብዕር ሰዎች ላይ ደጋግሞ መገኘቱ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ፍሬምናጦስ በአክሱም ባስተማሩበት ዘመን፥ ጎቶች የተባሉት የጀርመን ወገኖች ዉልፊላ የሚባሉ ጳጳስ ነበሯቸው፤ ትርጉሙም «ትንሹ ተኩላ» ማለት ነው። እኒህ ጳጳስ ለሕዝባቸው ፊደል አዘጋጅተው መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎሙ። ፊሎስቶርጊዮስ የተባለው ጥንታዊ ጸሐፊ እንደ ዘገበው፥ ሕዝቡ ጦርነት ወዳድ ስለ ነበረ መጽሐፈ ነገሥትን ሳይተረጉሙ ቀሩ። ተኩላ የተባሉት ሰው ጦርን የሚያበርዱ ሆኑ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቤተ ሰብ ስማቸው ሉዶልፍ የሆነው ኢዮብ ሉዶልፍ ናቸው። በ1649 በሮማ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተዋወቁ፤ በ1652ም መስፍኑ ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ አስመጧቸው። ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው መምህር የተማሩትን ይዘው በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላት፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ።

ሦስተኛው የወጣታችን መጽሐፍ ደራሲ ናቸው። ቮልፍ ሌስላው በ1906 በፖላንድ ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋራ በፈረንሳይ አገር በእስረኞች ሰፈር ከቆዩ በኋላ፥ በ1942 አምልጠው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ወገኖቻቸውን ሲያስፈጅ የነበረው የአዶልፍ ሂትለር ስም «ክቡር ተኩላ» ማለት መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውሳለን። አንዱ ቃል በአንዱ ሰው ላይ የጥፋት፥ በሌላው ላይ የማቆየት ስም ሆነ። ሌስላው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረውን ጋፋትኛ ሲፈልጉ፥ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። ከወልቂጤ ወዲያ ያለውን ቸሃን፥ በቡታጅራ አካባቢ የሚነገረውን መስቃንን፥ ሶዶንና ሌሎቹን ጨምሮ የ12 ቋንቋዎችን ቃል በመዝገባቸው ሰበሰቡ። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉትንም ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1964 አሳተሙ። 100 ዓመት በሞላቸው በአራተኛው ቀን በ2006 ዐረፉ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ከላይ ያየነው ግን ስም የወላጅ ምኞት ሲሆን ፍጻሜው በባለ ስሙ ሥራ እንደሚታወቅ ያስረዳናል። አንድ ነገር ግን ልንዘነጋ አይገባም። ሉዶልፍ ያለ አባ ጎርጎርዮስ፥ ሌስላውም ቃሉን ከአፋቸው ያቀበሏቸው የጉራጌ ሰዎች ባይኖሩ ምንም ባልጻፉ ነበር። ጋፋትኛን የደረሰበት ዕጣ በሌላው ላይ እንዳይደርስ፥ የወልቂጤና የቡታጅራ መምህራንና ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ስም ከነትርጉሙ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ሊጽፉት ይገባል። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚያስታውሰው ሲኖር ነውና።