መሐመድ አሊ ማን ነበር? (ቦክሰኛውን አይደለም)

እኛ የኮልፌ ልጆች ገበያ ሲባል ከጎናችን ያለው መርካቶ ነው የሚመጣብን። ከመርካቶ በፊት ግን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር። እዚያ ስማቸው ከገነነው የንግድ ቤቶች አንዱ የሕንዶቹ ‹‹መሐመድ አሊ›› ነው።

ባለቤቶቹ ከጉጃራት የመጡ ቦሕራ የሚባሉ ሙስሊሞች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ ገቡ። ጨርቃ ጨርቅ እያስገቡ፣ ቡናና ቆዳ እየላኩ ከአገሪቱ ትልልቅ ነጋዴዎች ተርታ ተሰለፉ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ሕንዶቹ ያኔ የእንግሊዝ ተገዢዎች ናቸውና በጥርጣሬ ታዩ፤ ንግዱም ለጣሊያን ኩባንያዎች ተፈለገ። በ1929 ዓ.ም. መሐመድ አሊ ተዘግቶ ሰዎቹ ከአገር ተባረሩ። በዚያው በወረራው ዘመን ሐበሻው ነጋዴም ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ‹‹የአገሬው ገበያ›› ወደተባለው ቦታ ተገፋ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሕንዱን ያባረረውና ሐበሻውን ከአራዳ ያስነሳው እጅ አንድ ነው። ‹‹መርካቶን ጣሊያን ሠራልን›› የምንል ካለን፣ ማንን ነቅሎ እንደሠራውም አብረን እናውራ።