ለእንቁጣጣሽ የለቀለቅነው ግድግዳ

በማኅበራችን ስለ ወባ ትንኝ ወሬ ሲነሣ ሁሌም ከጥንጁት እንጀምራለን። እናቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥኑበትን ቅጠል ሲመሽ ቤት ውስጥ ያጨሱት ነበር። ትንኟ ትሸሻለች፤ ጭሱ ግን ዓይንና ሳንባም አይምርም። ሌላው መከላከያ ደጋ መኖር ነበር።

በደጋ መተማመን እ.ኤ.አ. በ1958 ቀረ። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በበረታበት በዚያ ዓመት ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወባን ለምዶ የማያውቅ የደገኛ ሰውነት አቅም አልነበረውም።

በማግስቱ ዓመት መንግሥት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ዲዲቲ በየቤቱ ማስረጨት ያዘ። ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ መድኃኒቱ ይገድላታል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ መቆየት አለበት። የእኛ ሥራ የገባው እዚህ ላይ ነው። ረጪው በክረምት ረጭቶ ይሄዳል፤ እኛ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤቱን በእበትና በጭቃ እንለቀልቃለን። ወባ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲበረታ መድኃኒቱ ከልቅለቃው ሥር ተቀብሯል። ሴቶቹ አበላሹት ማለት ይቀላል። ለቅላቂዋን ቀድሞ የጠየቀ ግን ስንቱ ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ አጎበር በብዛት ታደለ። ሆኖም ትንኟ ገና ሳንተኛ፣ አመሻሽ ላይ እራት ስንሠራም ትነክሳለች። ለዚያ ሰዓት ረጅም እጅጌና የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ከሚቀቡት የታወቀው ዲት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ሲሆን ከ1957 ጀምሮ ለሕዝብ ተሸጧል። የሚቀባው ከልብስ ውጭ ባለ ቆዳ ላይ ብቻ ነው፤ ቁስል፣ ዓይንና አፍ አይነካም። ለሕፃን እናቲቱ በእጇ አድርጋ ትቀባዋለች እንጂ በልጁ መዳፍ ላይ አይደረግም፤ ይልሰዋልና። ሁለት ወር ያልሞላውን አጎበር ይበቃዋል። ሊጥ ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ከመኝታ በፊትም ቆዳችንን። የበረሮ መርጫ ገላ ላይ የሚነፉ አይተናል፤ እሱ የቆዳ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ልቅለቃውን ከርጭቱ በፊት ለመጨረስ ተነጋግረናል። በክረምት ጭቃው አይደርቅም ያሉ አባላት አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ በደቦ እንጀምራለን፤ እበት ያላት ታጠራቅም።